የተፈረመውን አስነብቡን

ይድረስ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣

ጤና ይስጥልኝ።

የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። የመለዋወጫ ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ፤ ውል ግን በየቀኑ አነባለሁ። አንድ ልማድ አለኝ። ውል ሲቀርብልኝ ዋጋውን ከማየቴ በፊት ወደ መጨረሻው ገጽ እሄዳለሁ። ነገር ሲበላሽ ማን የት ይከሳል የሚለው እዚያ ነው ያለው።

ይህን ልማድ ያስያዘኝ አንድ ኮንቴይነር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ስንከፍተው ኩሽኔታው ሁሉ ዝጎ ጠበቀን። የባሕር ውሃ ገብቶበታል። ካርቶኑን ስናነሳው እጃችን ላይ ይፈርሳል፣ ጣታችን ቡናማ ሆነ። ላኪው ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ውላችን ግን ክርክር ከተነሳ የሚታየው ለንደን ነው ይላል። ጠበቃ ጠየቅን። የጠራልን ሒሳብ ከዕቃው ዋጋ በለጠ። ዋጥ አደረግነው። ውሉን የፈረመው ሰውዬ በዚያን ጊዜ ድርጅቱን ከለቀቀ ቆይቷል።

የአንድ ድርጅት ኪሳራ እዚያው ያልቃል። አገር እንዲህ ዓይነት ውል ስትፈርም ግን የሚከፍለው ሕዝቡ ነው፣ አንዳንዴም ፊርማው ሲፈረም ገና ያልተወለደው። የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

አገራችን ከ30 በላይ ከሚሆኑ አገሮች ጋር ኢንቨስትመንትን ለማበረታታትና ለመጠበቅ የሚባለውን ስምምነት ፈርማለች። የመጀመሪያው በ1964 ከጀርመን ጋር የተፈረመው ነው። ከዚያ ቻይና፣ ኔዘርላንድስ፣ እስራኤል፣ ሌሎችም ተከትለዋል። አንዳንዱ ሥራ ላይ ነው፣ አንዳንዱ ተፈርሞ ቀርቷል። ሁሉም ሲነበብ እኩል ይመስላል። የእናንተ ባለሀብት እኛ ጋ ሲመጣ እንዲህ ይጠበቃል፣ የእኛም እናንተ ጋ ሲመጣ እንዲሁ ይላል። ደስ ይላል። ግን ኔዘርላንድስ ውስጥ የአበባ እርሻ ያለው ኢትዮጵያዊ ማን ነው? ጀርመን ውስጥ ፋብሪካ የተከለስ? ወረቀቱ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል፣ ገንዘቡ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ስለዚህ ግዴታው በተግባር የሚያርፈው በአንዱ ወገን ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። በነዚህ ስምምነቶች ባለሀብቱ መንግሥትን በቀጥታ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ፊት፣ ማለትም ከአገር ፍርድ ቤት ውጭ ለክርክሩ በሚመረጡ ዳኞች ፊት፣ ያቆመዋል። መንግሥት ግን ወንዝ የበከለን ወይም የሠራተኛ ደመወዝ የበላን ባለሀብት በዚያው በር ወስዶ ልክሰስህ ቢል አብዛኞቹ ስምምነቶች መነሻ አንቀጽ እንኳ የላቸውም። መብቱ ሁሉ በአንድ በኩል ተጽፏል፣ ግዴታው ሁሉ በሌላው በኩል።

እስቲ ሆለታን አስቡት። በአጥሩ በዚህ በኩል አራት የወተት ላም ያላት እናት አለች። በዚያ በኩል የውጭ ባለሀብት የጽጌረዳ እርሻ። ነገ አንድ አዲስ የውሃ ክፍያ ወጣ እንበል፣ ወይም አንድ ፀረ ተባይ ተከለከለ። ሁለቱም ሊጎዱ ይችላሉ። እሷ ያላት አማራጭ ወረዳ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ቀጠሮ፣ ደግሞ ቀጠሮ ነው። እሱ ይህ ሁሉ አለው፣ በተጨማሪ ደግሞ እንደ ስምምነቱ አጻጻፍ እኛን ሄግ ወይም ሌላ ቦታ ወስዶ ሦስት ዳኞች ፊት የሚያቆምበት በር አለው። አንዱን ዳኛ የሚመርጠውም እሱ ራሱ ነው። በገዛ አገሯ፣ በአንድ አጥር ልዩነት፣ ከእሷ የበለጠ መብት ያለው ጎረቤት ሰጥተናታል። ይህንን ማንም አልነገራትም።

ነገሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ፓኪስታንን ማየት ይበቃል። በዓለም የመጀመሪያውን የዚህ ዓይነት ስምምነት በ1959 ከጀርመን ጋር የፈረመችው እሷ ናት። ባሎቺስታን ውስጥ ሬኮ ዲክ የሚባል ቦታ አለ፣ በረሃ፣ ከሥሩ መዳብና ወርቅ። በ1993 ከውጭ ኩባንያ ጋር የፍለጋ ውል ተፈረመ። ውሉ እጅ እየቀያየረ ሄዶ ቴትያን ኮፐር የሚባል አውስትራሊያ የተመዘገበ ኩባንያ ጋ ደረሰ፣ ባለቤቶቹ የካናዳው ባሪክ ጎልድና የቺሊው አንቶፋጋስታ ነበሩ። ኩባንያው ፍለጋውን ጨርሶ በ2011 የማዕድን ማውጫ ፈቃድ ጠየቀ። ተከለከለ። በ2013 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1993ቱ ውል ከመነሻው ሕጋዊ አልነበረም ብሎ ሻረው።

ለእኔና ለእናንተ ነገሩ እዚህ ያለቀ ይመስላል። የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ወስኗል። ኩባንያው ግን በአውስትራሊያና በፓኪስታን መካከል ያለውን ስምምነት ይዞ ዋሽንግተን ወዳለው፣ በዓለም ባንክ ሥር ወዳለው የኢንቨስትመንት ክርክሮች ማዕከል ሄዷል። በሐምሌ 2019 ውሳኔው ወጣ። ከነወለዱ 5.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። ኩባንያው ለፍለጋው ያወጣው 220 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ማዕድኑ አልተቆፈረም፣ አንድ ግራም መዳብ አልወጣም። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ? ዳኞቹ ያሰሉት ማዕድኑ ቢቆፈር ኖሮ በሃምሳ ምናምን ዓመት ሊገኝ ይችል የነበረውን ትርፍ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም እንደ ሒሳብ ሠራተኛ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። በዚያው ወር፣ ውሳኔው ሊወጣ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ አይ ኤም ኤፍ ለፓኪስታን የ6 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጽድቆ ነበር። አገሪቱ ኢኮኖሚዋ ተንኮታኩቶ፣ ግብር ጨምራ፣ ድጎማ ቀንሳ፣ በሦስት ዓመት እየተቆራረጠ የሚሰጣትን ገንዘብ አገኘች። አንድ የግልግል ውሳኔ በአንድ ቀን ያንኑ የሚያህል ዕዳ ጫነባት። ከዚያ ደግሞ ገንዘቡን ለማስከፈል ኩባንያው የፓኪስታን አየር መንገድን ንብረት መከተል ጀመረ። ኒው ዮርክ ያለው ሩዝቬልት ሆቴልና ፓሪስ ያለው ሆቴሉ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይንቀሳቀሱ ተደረጉ። ትእዛዙ ከወራት በኋላ ተነሳ። እኔ ግን ያንን ዜና ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእኛ አየር መንገድ ነው። እናንተም ይህን ስታነቡ ትዝ እንዲላችሁ እፈልጋለሁ።

መጨረሻው በ2022 በድርድር ሆነ። ባሪክ የማዕድኑን ግማሽ ይዞ ተመለሰ፣ ግማሹ ለፓኪስታን ወገን ሆነ፣ አንቶፋጋስታ 900 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ወጣ። የፓኪስታን ባለሥልጣናት ንጹሕ ነበሩ እያልኩ አይደለም፣ ነገሩን በብዙ መልኩ አበላሽተውታል። ግን አንድ መንግሥት ጭንቅላቱ ላይ የ6 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ተሰቅሎ ሲደራደር ድርድሩ ምን ሊመስል እንደሚችል ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እኛ የዋሽንግተኑን ማዕከል ስምምነት በ1965 ፈርመን አላጸደቅነውም፣ ስለዚህ አይደርስብንም የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ይደርስብናል። ደርሷልም። ዳናኪል በረሃ ውስጥ ፖታሽ ሊያወጣ የገባ የእስራኤል ኬሚካል ኩባንያ በ2016 ፕሮጀክቱን አቋርጦ ወጣ። ሕገ ወጥ ያለው የግብር ጥያቄና የመሠረተ ልማት አለመኖር ነበር ምክንያቱ። በ2017 መንግሥታችንን ከሰሰ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለመፍረድ አቅሙም የለኝም። ልብ በሉልኝ የምለው የሄደበትን መንገድ ነው። ክሱ የቀረበው ኔዘርላንድስ በተመዘገበ እህት ኩባንያ ስም፣ በኢትዮጵያና በኔዘርላንድስ ስምምነት መሠረት ነው። ከአንድ አገር ጋር የተፈራረማችሁ ይመስላችኋል፣ ግን እዚያ አገር ቢሮ መክፈት የሚችል ሁሉ ከጎኑ ይሰለፋል።

ደግሞ ማሸነፍም ነጻ አይደለም። የበለጸጉት አገሮች ድርጅት፣ ኦኢሲዲ፣ በ2012 ባወጣው ጥናት የአንድ እንዲህ ያለ ክርክር የጠበቃና የዳኝነት ወጪ በአማካይ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው ይላል። ስንት ጤና ጣቢያ እንደሆነ እናንተ አስሉት።

አሁን ይህን ለምን አነሳሁ? በሮቹ እየተከፈቱ ስለሆነ። ምክር ቤቱ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ባንኩን ለውጭ ከፍቶታል። የጅምላና የችርቻሮ ንግዱም ተከፍቷል። የውጭ ዜጋ ቤት እንዲኖረው የሚፈቅደውም ሕግ ጸድቋል። መከፈቱን አልቃወምም። ሥራ ያስፈልገናል፣ ዶላር ያስፈልገናል፣ የእኔ ደመወዝም የሚመጣው ከውጭ ንግድ ነው። ግን አዲስ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት የቤቱ ውል ይታያል፤ ያሉን ውሎች ደግሞ የተጻፉት እነዚህ በሮች ዝግ በነበሩበት ዘመን ነው። ከ30 ዓመት በፊት በአበባና በቆዳ ፋብሪካ ልክ የተሰፋ ልብስ ዛሬ ባንክና ችርቻሮ ይለብሰዋል።

የምንዛሪውን ነገር ብቻ እንይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በብዙዎቹ የኢንቨስትመንት ስምምነቶች ውስጥ ባለሀብቱ ትርፉን ያለ ገደብና ያለ መዘግየት በውጭ ምንዛሪ ማውጣት ይችላል የሚል አንቀጽ አለ። እኛ አገር ባንክ ላይ ለዶላር ወረፋ ይዞ ያልጠበቀ አስመጪ የለም፣ እኔ ራሴ በፋይል ቁጥር ነው የኖርኩት። ያንን ወረፋ አንድ ሰው ተነስቶ የስምምነት ጥሰት ነው ቢለው ምን እንመልሳለን? አርጀንቲና በ2002 መጀመሪያ ገንዘቧን ፔሶን ከዶላር ስታላቅቅና የጋዝና የመብራት ታሪፍ በፔሶ ባለበት እንዲቆይ ስታደርግ ከ40 በላይ ክሶች ወረዱባት። ሲ ኤም ኤስ የሚባለው የአሜሪካ የጋዝ ኩባንያ ብቻ በ2005 የ133 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተወስኖለታል። ሕዝቡ ባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ ተይዞበት ድስት እየደበደበ አደባባይ በወጣበት ጊዜ ስለተወሰደ እርምጃ ነው ይህ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ከሌላው ቀድመን ልናውቀው ይገባ ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። አንቀጽ 17። በአማርኛው ይቻላቸዋል፣ በጣልያንኛው ግዴታ። ከክፍል ወጥተን የረሳነው ግን የገንዘቡን ነገር ነው። ውሉን ተከትሎ ጣልያን ውስጥ ተጨማሪ ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር፣ መያዣው የሐረር ጉምሩክ። ብድሩ ባይከፈል የአገሪቱ ዋና የንግድ በር ገቢ ወዴት ይሄድ እንደነበር ገምቱ።

ከአድዋ በኋላ እንኳ አልተረፍንም። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመ፣ በመልእክተኛው ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባል አለ። በዚያ ውል ፈረንሳዮች እርስ በርስ ሲካሰሱ የሚዳኛቸው የራሳቸው ቆንስል ሆነ። ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰሱ ደግሞ ቆንስሉ ከእኛ ዳኛ ጎን ይቀመጣል። ለፈረንሳይ የተሰጠውን ሌሎቹም መንግሥታት ለእኛም ይገባናል አሉና አገኙ። ለአንዱ የሰጠኸውን ለእኔም የሚለው አንቀጽ ዛሬም በኢንቨስትመንት ስምምነቶች ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ሥራውም ያው ነው። አንድ ስምምነት ላይ የሠራችሁት ስሕተት እዚያው አይቀርም፣ በሌላው በኩል ዞሮ ይገባል።

ባለሀብት ዋስትና ይፈልጋል፣ ዋስትና ካልሰጠነው አይመጣም የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። ዋስትና ይፈልጋል፣ ልክ ነው። ግን ብራዚል በ1990ዎቹ እንዲህ ያሉ ስምምነቶችን ፈርማ አንዱንም ሳታጸድቅ ቀርታለች፣ የውጭ ካፒታል ግን ከዓለም በብዛት ከሚገባባቸው አገሮች አንዷ ናት። ሰው የሚሄደው ገበያና መብራት ወዳለበት ነው። ከዚሁ ከብራዚል ጋር እኛም በ2018 ስምምነት ተፈራርመናል፣ በዚያ ስምምነት ባለሀብቱ መንግሥትን በግልግል መክሰስ አይችልም፣ ጉዳዩ በመንግሥትና በመንግሥት መካከል ያልቃል። ስለዚህ ሌላ ዓይነት አጻጻፍ እንዳለ እናውቃለን፣ ፈርመናልም። ደቡብ አፍሪካ ከ2012 ጀምሮ የድሮዎቹን አፍርሳ በራሷ የኢንቨስትመንት ጥበቃ ሕግ ተክታለች። ታንዛኒያ የኔዘርላንድሱን አፍርሳለች፣ ምንም እንኳ ስምምነቱ ቀድመው ለገቡት ለተጨማሪ 15 ዓመት እየሠራ የሚቆይ ቢሆንም። አውሮፓውያን ራሳቸው በግንቦት 2020 ሃያ ሦስት ሆነው እርስ በርስ ያላቸውን እነዚህን ስምምነቶች ለማፍረስ ተፈራርመዋል። እርስ በርሳቸው ያልፈለጉትን ከእኛ ጋር የሚያቆዩት ለምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁልኝ።

የኬንያውንም ላንሳ፣ ምክንያቱም ተስፋ አለው። ኮርቴክ የሚባል የማዕድን ኩባንያ ፈቃዴ ተሰረዘብኝ ብሎ ኬንያን ከሰሳት። በ2018 ተረታ። ፈቃዱ ሲሰጥ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት የሚለው የኬንያ ሕግ ስላልተከበረ ዳኞቹ ፈቃዱ ከመነሻው ዋጋ የለውም አሉ። የገዛ አገር ሕግ በሥርዓቱ ተጽፎ ሲገኝ ጋሻ ይሆናል።

ወደ እናንተ ልመለስ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 አስፈጻሚው የሚፈርማቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የማጽደቅ ሥልጣን ለእናንተ ሰጥቷል። አንቀጽ 9 ያጸደቃችሁት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። አንቀጽ 43 ደግሞ ማንኛውም ዓለም አቀፍ ስምምነት የኢትዮጵያን የልማት መብት የሚያስከብር መሆን አለበት ይላል። ይህን እያሰብኩ አንድ ቀን አንድ የማጽደቂያ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ፈልጌ አነበብኩ። አጭር ነው። ስምምነቱ ጸድቋል ይላል፣ ሥራ ላይ የሚያውለውን መሥሪያ ቤት ይጠቅሳል፣ የሚጸናበትን ቀን ይናገራል። የስምምነቱ ቃል ግን የለበትም። በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ፣ በመሐል የተፈረመው ነገር የለም። ሙሉውን ያገኘሁት የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ድረ ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ ነው። የአገሬን ሕግ ጄኔቭ ሄጄ አነበብኩት ማለት ነው።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ሥራ ላይ ያሉትን ስምምነቶች በሙሉ በአማርኛና በሌሎቹ የሥራ ቋንቋዎች አስተርጉማችሁ ለሕዝብ አውጡ። የእያንዳንዱ የመጀመሪያ ዘመን መቼ እንደሚያበቃ፣ ካለቀ በኋላ ስንት ዓመት እንደሚያስር፣ የማፍረሻ ማስታወቂያ በስንት ወር እንደሚሰጥ የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ከሚመለከተው ሚኒስቴር ጠይቁ። ይህ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው፣ ከፈለጋችሁ እኔ ቁጭ ብዬ እሠራላችኋለሁ። ዘመናቸው ያለፈው እንደገና ድርድር ይከፈትባቸው። አዲስ ሲመጣ ደግሞ ባለሀብቱ መጀመሪያ የእኛን ፍርድ ቤት እንዲጨርስ፣ ግብር፣ ጤና፣ አካባቢና የምንዛሪ ቀውስ ከክስ እንዲወጡ፣ ካሳው ካወጣው ገንዘብ እንዳይዘል፣ የእሱም ግዴታ እንዲጻፍ ጠይቁ። ፍርድ ቤታችን ቀርፋፋ ነው ካሉ ልክ ናቸው፣ ያኔ ለሁላችንም፣ ለሆለታዋ ባለ ላም ጭምር፣ ፈጣን የንግድ ችሎት በጀት ያዙለት።

የሚቀጥለው ስምምነት ለማጽደቅ ሲቀርብ ስብሰባው በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ እኔም እመለከታለሁ። ከመካከላችሁ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ክርክር ሲነሳ የት ነው የሚታየው፣ ማንስ ነው የሚከፍለው ብሎ እንዲጠይቅ እየጠበቅሁ ነው። መልሱ እስኪመጣ እጃችሁን ለድምፅ አታውጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ግብር ከፋይ፣ ከአዲስ አበባ